የካኖያ ታሪክ 1941 ላይ አያበቃም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ጃፓን ባሕር ኃይል የካኖያ አየር ጓድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበብኩት። ታሪኩን በ1941ዱ ድል ላይ ማቆማችሁ ግን ቅር አሰኘኝ።

እርግጥ ነው፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1941 (እ.ኤ.አ.) የካኖያ፣ የገንዛንና የሚሆሮ ጓዶች ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን ከማላያ በስተ ምሥራቅ አሰጠሙ። 840 መርከበኞች አለቁ። በጥቃቱ የወደቁት የጃፓን አውሮፕላኖች 3 ብቻ ነበሩ።

ከዚያስ? የካኖያ ሰዎች የሚበሩበት ጂ4ኤም የተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሩቅ እንዲሄድ ተብሎ ቀላል ተደርጎ የተሠራ ነው። የነዳጅ ታንኩ ከጥይት መከላከያ አልነበረውም። ስለዚህ ሲመታ ቦግ ይላል፤ «ላይተር» (የሲጋራ መለኮሻ) የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ውስጡ 7 ሰው አለ! ጓዱ ስሙ ወደ 751 ከተቀየረ በኋላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1943 ከሰሎሞን ደሴቶች አንዷ በሆነችው ሬኔል ደሴት አጠገብ ቺካጎ የተባለችውን የአሜሪካ መርከብ ሲያሰጥም ከዘመቱት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ አልተመለሱም።

አንድ ነገር ደግሞ ባይዘለል ደስ ይለኝ ነበር። ከማላያው ጥቃት በኋላ የካኖያው መኮንን ሃሩኪ ኢኪ ወደ ቦታው ተመልሶ በሮ ከአየር ላይ አበባ ጥሏል። አንዱ ለሞቱት ባልደረቦቹ፣ ሌላው ለሞቱት እንግሊዞች። እባካችሁ ቀጣዩን ክፍል ጻፉልን።

አንባቢያችሁ