የሰርግ አጀብ መንገድ የሚያዘጋበት ታሪፍ ይለጠፍልን

በድሬዳዋ የመንገድ ትራፊክ ጉዳይ ለሚመለከትዎ የሥራ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ላቀረብኩት የጽሑፍ አቤቱታ መልስ ስላጣሁ፣ በአካል ስቀርብም «ሰርግ እኮ ነው፤ ደስታ ነው» ተብዬ ስለተሸኘሁ፣ ነገሬን በአደባባይ ለማሰማት ተገድጃለሁ።

በሚያዝያ ወር አንድ እሑድ፣ አስም የጸናባቸውን እናቴን በባጃጅ ይዤ ከመጋላ ወደ ከዚራ ስሻገር፣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ የሰርግ አጀብ ሞልቶት አገኘሁ። መኪና ተበላሽቶ አልነበረም፤ ሙሽሮቹ ከላንድክሩዘሩ ወርደው በድሮን እየተቀረጹ ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን እየነፋ የሚመልሰው እነሱን ሳይሆን እኛን ነው። እናቴ ትንፋሽ እንዳጠራቸው እያየ «ትንሽ ታገሡ፣ ሊጨርሱ ነው» አለን። የባጃጁ ልጅ በጠርዙ ሾልኮ ለማለፍ ሲሞክር ግን የፖሊሱ ትዕግሥት አለቀና ክስ ጻፈበት። ወዲያው ከሚዜዎቹ አንዱ የታሸገ ውኃ አቀበለው፤ የድሬን ሙቀት ስለማውቅ በውኃው አልፈርድም።

የመንገድ ትራፊክ ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ለፈጀባት ከተማ ድልድይ ምን እንደሆነም አልነግርዎትም።

ማንም ቢሻው በብድር፣ ቢሻው በዕቁብ ይደግስ፤ እኔን አያገባኝም። ይሁን እንጂ መኪናውም፣ ቬሎውም፣ ዳሱም ገንዘብ ላለው ሁሉ በኪራይ የሚገኝ ስለሆነ ከጎረቤት በልጦ ለመታየት አልበቃ ብሏል፤ ያለፈው ሳምንት ሰርገኛ አምስት መኪና ቢያስከትል የዛሬው በአሥር ይበልጠዋል፣ ከአሥሩ ለመብለጥ ደግሞ የቀረው መንገድ ማዘጋት ብቻ ሆኗል። «የእገሌ ልጅ ሰርግ ትራፊክ አስቆመ» መባል ከካባውም ከወርቁም በላይ ያስከብራል፤ ይህን ጌጥ ለሰርገኛው የሚያውሰው ነጋዴ ሳይሆን እርስዎ የሚመሩት ፊሽካ ነው።

አገልግሎቱ በክፍያ ከሆነ ታሪፉ በግልጽ ይለጠፍልን፤ እኛም በሽተኛ ለማሻገሪያ ዕቁብ እንገባለን። በነጻ ከሆነም ለማን፣ በማን ትእዛዝ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይገለጽልን። እስከዚያው ግን በባጃጁ ልጅ ላይ የተጻፈው ክስ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ፤ ቅጂው ከመጀመሪያው አቤቱታዬ ጋር ተያይዞ በመዝገብ ቤትዎ ይገኛል።