የልብ ሕመም የድሃም በሽታ ነው፦ ግልጽ ደብዳቤ ለሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ

ለተከበሩ የመምሪያው ኃላፊ፣

ደም ግፊትና የልብ ሕመም የደላው ሰው በሽታ ናቸው የሚለው ወሬ በከተማችን ዛሬም ይሰማል። ወሬው ጉዳት አለው፤ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የሚቆይ በመሆኑ የጉልት ነጋዴዋም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ የሌሊት ጥበቃውም ልለካ ብለው ሳያስቡ ስትሮክ ይቀድማቸዋል።

በእንግሊዝ አገር በመንግሥት ሠራተኞች ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት፣ በዝቅተኛው እርከን ያሉት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሲጋራ፣ ግፊትና ኮሌስትሮል ተደማምረው ያስረዱት ከልዩነቱ ከሲሶ ያልበለጠውን ብቻ ነው። እነዚያ ደግሞ ቋሚ ደመወዝና ነጻ ሕክምና የነበራቸው ሰዎች ናቸው። በሥራው ላይ ምንም ሥልጣን የሌለው፣ የነገ ቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ያለ ዕረፍት ሲያመነጭ የደም ሥሩ ይጠባል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ልቡም ይጎዳል። ንቀትም ከዚህ ጭንቀት አንዱ ነው። በሸክላ ሥራቸው ምክንያት ለዘመናት ሲገለሉ የኖሩ ወገኖች በአካባቢያችን አሉ፤ የደረሰባቸው መገለል ስሜታቸውን ብቻ ጎድቶ ቀርቷል ብዬ አላምንም።

በገበያ የማውቃቸው አንዲት ሸክላ ሻጭ እናት የግፊት ክኒናቸውን ወሩን እንዲያደርስላቸው ለሁለት እየሰበሩ ይውጣሉ። ለምን ተመልሰው እንደማይሄዱ ስጠይቃቸው፣ ካርድ ክፍል ሲሰለፉ ገበያው እንደሚያልፋቸው፣ አፈር የነካውን ቀሚሳቸውን አይቶ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ደግሞ ከሰልፉ ይልቅ እንደሚከብዳቸው ነገሩኝ።

ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ለግፊት ልኬትና ለመድኃኒት ብቻ እንኳ በምሽትና በእሑድ እንዲከፈቱ፣ ግፊታቸው ተስተካክሎ የቆየላቸው ሕሙማንም በየወሩ ከመመላለስ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መለኪያቸውን ይዘው ወደ ገበያው፣ ወደ መናኸሪያውና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች በአንድ ክፍል ተጨናንቀው ወደሚኖሩባቸው የኪራይ ግቢዎች ቢወጡ ብዙ ሰው ሳይወድቅ ይገኛል። በካርድ ክፍል የሚደርስ ማመናጨቅም ስሙን ሳይገልጥ አቤት ለሚል ታካሚ በቀላሉ የሚቀርብበት መንገድ ይበጅለት። ሁሉንም በአንዴ ማድረግ ካልተቻለ፣ መምሪያው ለገበያው ቅርብ በሆነው አንድ ጤና ጣቢያ የእሑዱን አገልግሎት በመጪው በጀት ዓመት ዕቅድ ያስገባልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሀዋሳ ነዋሪ