ኤፍ4 ለምትጀምረው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ቼዝ ስትጫወቺ በስድስት እርምጃ ማት መባልሽን፣ ንጉሥሽ መውጫ አጥቶ መሸነፍሽን፣ ወንድምሽ ነገረኝ። «ለአባባ እንዳትነግረው» ብለሽው ነበር አሉ፤ እሱ መቼ ምስጢር ይዞ ያውቃል! አትቆጪው።

ኤፍ4 መምረጥሽን፣ ማለትም ወታደርሽን ወደ ኤፍ ዓምድ አራተኛ ረድፍ ገፍተሽ መጀመርሽን፣ አልጠላሁትም። ሁሉም የመሐል ወታደሮቹን ኢ4ና ዲ4 መግፋት ሸምድዶ በሚመጣበት ውድድር ተጋጣሚን ከለመደው ማስወጣት ደግ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ በርድም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙን የተከለው በዚሁ መክፈቻ ነው። ግን ያ ወታደር ከተነሣ ከንጉሥሽ እስከ ኤች4 ያለው ሰያፍ መስመር ወለል ይላል። መስመሩን ጠብቂ።

ጨዋታሽን አየሁት። ጥቁር ኢ5 ብሎ ወታደር ሰጠሽ፣ በላሽ። ዲ6 ሲልም በላሽ። በሰያፍ የሚሄደው ቢሾፑ ዲ6 ላይ በልቶ ሲቀመጥ «ምን አስቦ ነው?» ማለት ሲገባሽ ፈረስሽን ሲ3 አወጣሽ። ንግሥቲቱ ኤች4 ላይ ቼክ አለች፣ ንጉሥሽን አጠቃች፤ በጂ3 ከለልሽ፤ ወታደሩን በልታ ራሷን ሰጠችሽ፤ ስትበያት ቢሾፑ ጂ3 ገብቶ ጨረሰሽ። የፍሮም ጋምቢት ይባላል (ጋምቢት ማለት ለጥቅም ሲሉ ወታደር መስጠት ነው)፣ አዲስ ነገር አይደለም። አራተኛው እርምጃሽ ፈረስ ኤፍ3 ነው፤ ኤች4ን የሚጠብቀው እሱ ነው። ወታደሩን መብላት ካላማረሽ ደግሞ በሁለተኛው እርምጃ ኢ4 ብለሽ ኪንግስ ጋምቢት ወደሚባለው መክፈቻ እለፊ።

አያትሽም እንዳንቺው ነበሩ፤ ቢ3 ካልገፉ ጨዋታ የጀመሩ አይመስላቸውም። የዴንማርኩን ቤንት ላርሰንን ይወዱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ቤልግሬድ ላይ ሶቪየት ኅብረት ከቀረው ዓለም ጋር ስትጋጠም፣ ላርሰን ነጭ ይዞ ለዓለም ሻምፒዮኑ ለስፓስኪ ቢ3 አለው። በአሥረኛው እርምጃ ኤፍ4 ገፋ። ስፓስኪ በቀጥታ የሚሄደውን ሩኩን ኤች1 ላይ በነጻ ሰጠው፣ ወታደሩን ጂ2 አደረሰ፣ ከዚያ ንግሥቲቱ ኤች4 ላይ ቼክ! በ17ኛው እርምጃ አለቀ። ያው መስመር ነው፣ ልብ በይ።

አያትሽ ደጋግመው የሚያሳዩኝ ይህንኑ ሽንፈት ነበር። ሩኩን ኤች1 ላይ ሲያኖሩት ይስቃሉ። ላርሰን ካሸነፋቸው ሁሉ ይህን ለምን እንደመረጡት ሳልጠይቃቸው አለፉ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። አንቺን ሳይ ደግሞ ይብስብኛል፤ ወታደር ስትገፊ እጅሽ የእሳቸው ነው።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ። ጥቁር ዲ5 ካለሽ ፈረስ ኤፍ3፣ ኢ3፣ ቢ3፣ ቢሾፕ ቢ2፤ ኢ5ን አጥብቀሽ ያዢ፣ ንጉሡንም ቶሎ ካስሊንግ አድርጊው፣ ከሩኩ ጋር በአንድ እርምጃ አንቀሳቅሰሽ ወደ ጎን ሸሽጊው። ጥቁር ለዲ4 ኤፍ5 ብሎ በሚመልስበት በዳች መከላከያ የሚይዘውን ቅርጽ አንድ እርምጃ ቀድመሽ ያዝሽ ማለት ነው። ወጥመድ የሚያስተምሩትን ቪዲዮዎች ተያቸው። መስመሩን ጠብቂ፣ ሦስቴ አልኩሽ!

ቅዳሜ ከመጋጠምሽ በፊት በደንብ ተኚ። የጨዋታውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ብትሸነፊም። ለወንድምሽ አትላኪለት፣ ለኔ።

አባትሽ