ዋንጫው የዋሽንግተን፣ ቡድኑ የቴክሳስ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የዲሲ ዲፌንደርስ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ የዩናይትድ ፉትቦል ሊግን፣ በአጭሩ የዩኤፍኤልን ዋንጫ ማንሳቱን የስፖርት ገጻችሁ «ኤንኤፍኤል (ዋናው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ያልፈለጋቸው ተጫዋቾች ሊግ» ከሚል መግለጫ ጋር በጥቂት መስመሮች ዘግቦት አንብቤአለሁ። ዜናው ጨርሶ አለመታለፉ ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ በዚህ የጸደይ ሊግ ላይ ነቀፌታ መሰንዘር ካስፈለገ፣ ነቀፌታው ማነጣጠር ያለበት ተጫዋቾቹ ላይ ሳይሆን ሊጉ የሚተዳደርበት መንገድ ላይ ነው ብዬ ስለማምን ይህን አስተያየት እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዲፌንደርስ በ2025 የመደበኛውን ውድድር ያጠናቀቀው በስድስት ድልና በአራት ሽንፈት ነው። ይህ መልካም እንጂ የሚያስደንቅ ውጤት አይደለም። የሚያስደንቀው የ2023ቱ ነበር፤ ያኔ ቡድኑ ኤክስኤፍኤል በሚባለው ሊግ ከአሥር ጨዋታ ዘጠኙን አሸነፈ። የተሸነፈባት አንዲት ጨዋታ እንኳ 37 ለ 36 የተጠናቀቀች ስትሆን፣ አሸናፊው የኦርላንዶ ቡድን በዚያ ዓመት ከዚህች በቀር ሌላ ድል አላየም። ከዚያም ዲፌንደርስ የምድቡን ፍጻሜ በሜዳው ሲያትልን 37 ለ 21 ረትቶ ለዋንጫ ሳን አንቶኒዮ ሲሄድ የጠበቀው የአርሊንግተን ሬኔጌድስ ከአሥር ጨዋታ አራቱን ብቻ አሸንፎ የመጣ ቡድን ነበር። ጨዋታው 35 ለ 26 ለአርሊንግተን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ኤክስኤፍኤል ዩኤስኤፍኤል ከሚባለው ሌላ የጸደይ ሊግ ጋር ተዋህዶ ዩኤፍኤል ሲመሠረት፣ የእኛው ቡድን በአራት ድልና በስድስት ሽንፈት ከጥሎ ማለፉ ውጭ ቀረ።

የ2025 አጀማመርም የሚያጽናና አልነበረም። ቡድኑን ከ2023 ጀምሮ ሲመራ የነበረው ሬጊ ባርሎው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በማርች ወር ለቅቆ የቴኔሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን ለማሠልጠን ሄደ፤ ኃላፊነቱም በጊዜያዊነት ለሻነን ሃሪስ ተሰጠ። ተጠባባቂ አሠልጣኝ ይዞ ስድስት ለአራት የጨረሰ ቡድን ዋንጫ ይወስዳል ብሎ የገመተ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዲፌንደርስ ግን በምድቡ ፍጻሜ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ብዙ ተመልካች የሚያገኘውን የሴንት ሉዊስ ባትልሆክስን በገዛ ሜዳው 36 ለ 18 ጣለ። ከስድስት ቀን በኋላም በዚያው ጣሪያ ባለው ስታዲየም የሚሺጋን ፓንተርስን 58 ለ 34 አሸነፈ።

ስለዚህ ፍጻሜ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ። የጨዋታው ኮከብ የተባለው ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ አቀባዩ፣ ጆርዳን ታአሙ 390 ያርድ አቀብሎ አራት ታችዳውን (ስድስት ነጥብ የሚያስገኝ ጎል) ሲያስቆጥር፣ አምስተኛውን ራሱ ሮጦ ገብቷል። ይኸው ተጫዋች በ2020 በጸደይ ሊግ ስሙን ያስጠራው ለሴንት ሉዊስ ተሰልፎ በዚያው ስታዲየም ሲጫወት ነበር። በ2023ቱ የሳን አንቶኒዮ ሽንፈትም ቡድኑን የመራው እሱ ነው። የውጤቱ መብዛት ደግሞ ከሊጉ ደንብ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ2025ቱ ውድድር ከታችዳውን በኋላ ኳሷን በእግር ለግቶ አንዲት ነጥብ መቀበል አልነበረም፤ ቡድኑ ከሁለት ያርድ ለአንድ፣ ከአምስት ያርድ ለሁለት ወይም ከአሥር ያርድ ለሦስት ነጥብ እንደገና ይሞክር ነበር። አንድ ታችዳውን እስከ ዘጠኝ ነጥብ ሊያስገኝ በሚችልበት ጨዋታ መሪው ቡድን እፎይ የሚልበት ሰዓት የለም፤ በእኔ አስተያየት የጸደዩ ሊግ ከታላቅ ወንድሙ የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ነው። ኤንኤፍኤልም ቢሆን በ2024 የጨዋታ ማስጀመሪያውን ምት የለወጠው የኤክስኤፍኤልን ዘዴ መሠረት አድርጎ ነው።

«ኤንኤፍኤል ያልፈለጋቸው» የሚለው መግለጫ እንግዲህ እዚህ ላይ ይፈተናል። ገጻችሁን የሚከታተሉት ወገኖቻችን አብዛኞቹ የእኛው እግር ኳስ ወዳጆች ስለሆኑ፣ ለእነሱ ቅርብ የሆነ አንድ ሰው ልጥቀስ። ብራንደን ኦብሪ በ2017 ቶሮንቶ ኤፍሲ የመረጠው የእግር ኳስ ተከላካይ ነበር፤ በዚያ ሙያ ሳይሳካለት ቀርቶ ሶፍትዌር መሥራት ከጀመረ በኋላ ኳስ መለጋት ተለማምዶ በጸደዩ ሊግ ለበርሚንግሃም ተሰለፈ፤ ዛሬ የኤንኤፍኤሉ ዳላስ ካውቦይስ መቺ ነው። ጄክ ቤትስም እንዲሁ ጡብ ሲሸጥ ቆይቶ በ2024 ለሚሺጋን ፓንተርስ ከ64 ያርድ አስቆጠረና በዚያው ዓመት የኤንኤፍኤሉ ዲትሮይት ላየንስ ወሰደው። በዚያው 2024 የአንድ ዩኤፍኤል ተሰላፊ ክፍያ በሳምንት 5,500 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ በኤንኤፍኤል የ2025 አዲስ ገቢ ተጫዋች ዝቅተኛ ዓመታዊ ደመወዝ ግን 840,000 ዶላር ነው። ይህን ልዩነት እያወቀ ጉልበቱንና ትከሻውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው በአንዲት ሐረግ ባይጣጣል ደስ ይለኛል።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልመለስ። የዲሲ ቡድን የምንለው ዲሲ ውስጥ አይኖርም። የሊጉ ስምንት ቡድኖች በሙሉ የሚለማመዱትና በውድድሩ ወራት የሚያድሩት ቴክሳስ ውስጥ በአርሊንግተንና በአካባቢዋ ነው፤ ወደየከተሞቻቸው የሚበሩት ለጨዋታ ብቻ ነው። ምክንያቱ ወጪ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሊጉም ቆጣቢ ቢሆን አልፈርድበትም፤ ምክንያቱም የጸደይ ሊጎች ታሪክ የመክሰር ታሪክ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ህብረት የሚባለው ሊግ በ2019 ወቅቱን ሳይጨርስ ፈረሰ፤ ኤክስኤፍኤል ራሱ በ2020 በኮቪድ ሳቢያ አምስት ሳምንት ብቻ ተጫውቶ ካቋረጠ በኋላ ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመልክቶ፣ ድዌይን ጆንሰንና ሸሪኮቹ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ቢሆንም ቁጠባው የሚያስከፍለው ሌላ ዋጋ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ገበያ ወይም ዘጠነኛ ጎዳና ላይ አንድ የዲፌንደርስ ተጫዋች አይቼ ሰላም ልል አልችልም። ልጆቻችን በሚማሩበት ትምህርት ቤት በሥራ ቀን ብቅ የሚል ተጫዋችም አይኖርም። ቡድኑ በመደበኛው ውድድር አምስት ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፤ የ2025ቱን ሁለት ወሳኝ ጨዋታዎች ደግሞ ሴንት ሉዊስ ስለተጫወተ ከተማው ሻምፒዮኑን በቴሌቪዥን ነው ያጀበው።

ቡድኑን የከተማው ያደረጉት ደጋፊዎቹ ናቸው። አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ያለውን አውዲ ፊልድ ስታዲየም የምታውቁት በዲሲ ዩናይትድ ይሆናል፤ በጸደይ የዲፌንደርስ ጨዋታ ቀን ግን መልኩ ሌላ ነው። ተመልካቹ ባዶ የቢራ ኩባያዎቹን አንዱን በሌላው ውስጥ እየሰካ ይቀጣጥላል፤ ሰንሰለቱ እየረዘመ በሰው ራስ ላይ ከረድፍ ወደ ረድፍ ያልፋል፣ መሐሉ እንዳይበጠስ ደርዘን እጆች ከሥር ይደግፉታል፣ ከላይ ካለው ወንበር ደግሞ አዲስ ኩባያ ይቀበላል። እነሱ የቢራ እባብ ይሉታል። በፌብሩዋሪ 2023 ከሲያትል ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ የጥበቃ ሠራተኞች እባቡን ስለወሰዱባቸው ደጋፊዎቹ ሜዳው ላይ ሎሚ ወረወሩ። ሎሚ መወርወሩን አልደግፍም፤ ሆኖም ለተነጠቀ ኩባያ ይህን ያህል የሚቆጣ ሕዝብ ቡድኑን የራሱ እንዳደረገው ማንም መጠራጠር አይችልም።

ከተማው የኤንኤፍኤል ቡድኑን ኮማንደርስን ከሜሪላንድ ወደ ዲሲው የአርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ ለመመለስ 3.7 ቢሊዮን ዶላር ስለተገመተ ግንባታ በ2025 ሲከራከር ነበር። የዚያን ክርክር ትክክልነት ለሌላ ቀን ልተወው። የምጠይቀው ግን ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው፤ ሊጉ ቡድኖቹን ቢያንስ በውድድሩ አጋማሽ ለተወሰኑ ሳምንታት በስማቸው በሚጠሩበት ከተማ እንዲያስተናግድ፣ ለዚህም ከዲሲ ቢጀምር መልካም ነው። ከእናንተ ደግሞ በመጪው ማርች የዲፌንደርስን የሜዳ ጨዋታዎች ቀንና ሰዓት ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሰንጠረዥ ጎን እንድታወጡልን እጠይቃለሁ፤ በጨዋታ ቀን በዚያ አካባቢ ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ የመኪና ማቆሚያም የሚጠብቁ ብዙ አንባቢዎቻችሁ መርሐ ግብሩን ለሥራም ይፈልጉታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ