ደብዳቤ ለልጄ፦ ቴሌስኮፑን ግቢ ከማውጣትሽ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

ቴሌስኮፑ እጅሽ በመግባቱ ደስ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ ካርቶኑን ከመክፈትሽ በፊት ብታነቢው እወዳለሁ፤ የመጀመሪያው ሌሊት የሚሰምረውም የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነውና። በጨለማ ብሎን መፈለግ፣ የማያውቁትን መዘውር መደባበስ፣ በመጨረሻም ምንም ሳያዩ በርዶ መግባት፦ ብዙ ሰው መሣሪያውን አንድ ጊዜ ሞክሮ ዳግመኛ የማይነካው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። በቴሌስኮፑም ሆነ በማነጣጠሪያው (ቴሌስኮፑን ወደምትፈልጊው ነገር የምታመሪበት፣ ከቱቦው ጎን ያለው ትንሽ መሣሪያ) ፀሐይን እንዳታዪ። መስታወቱ ብርሃኑን ሰብስቦ ዓይን ውስጥ ሲያስገባው ጉዳቱ ቅጽበታዊ ነው፤ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ክፍል ሕመም ስለማይሰማው ደግሞ አደጋውን የምታውቂው ካለፈ በኋላ ነው። ከዕቃው ጋር አይፒሱ (ዓይንሽን የምታስጠጊበት ትንሽ ሌንስ) ላይ የሚጠመድ «የፀሐይ ማጣሪያ» የሚል ትንሽ ጥቁር መስታወት ካገኘሽ ጣዪው፤ ሙቀቱ ሰንጥቆት የሚሰበረው እያየሽበት ሳለ ነው። ክዳኑን ከፍተሽም ቀን ላይ ግቢ ውስጥ ትተሽው አትሂጂ።

አሁን ስለ መሣሪያው። ያንቺው ዋና መስታወት ስፋቱ 130 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ (ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት) 650 ሚሊ ሜትር ነው። አይፒሶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ላይ 25 ሌላው ላይ 10 ተጽፎበታል። ምን ያህል እንደሚያጎሉ ለማወቅ 650ን በተጻፈው ቁጥር አካፍዪ፦ ባለ 25ቱ 26 እጥፍ፣ ባለ 10ሩ 65 እጥፍ ያጎላል። ቁጥሩ ያነሰው አይፒስ የበለጠ ያጎላል ማለት ነው፤ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ላይ የሚያምታታው ይህ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የማጉላት ቁጥር አያማልልሽ። የቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ሥራው ማጉላት ሳይሆን ብርሃን መሰብሰብ ነው፤ ያንቺው መስታወት በጨለማ በደንብ ከተከፈተ የዓይን ብሌን 300 እጥፍ ገደማ ብርሃን ይሰበስባል። በልምድ የሚታወቀው ጣሪያ የመስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ሲባዛ በሁለት ነው፤ ለአንቺ 260 ይሆናል። አየሩ ግን ያን ያህል የሚፈቅድበት ሌሊት ጥቂት ነው። ከልክ በላይ ሲጎላ ምስሉ ይጨልማል፣ ይደበዝዛል፣ የእጅ መነካካቱም አብሮ ይጎላል። ስለዚህ ሁልጊዜ በ25ቱ ጀምሪ። የምትፈልጊውን አግኝተሽ መሐል ካደረግሽው በኋላ ብቻ ወደ 10ሩ ተሻገሪ።

ቀን ላይ የምትጨርሺው ዋናው ሥራ ማነጣጠሪያውን ከቱቦው ጋር ማስተካከል ነው። ይህን የዘለለ ሰው ማታ ጨረቃን እንኳ ማግኘት ያቅተዋል። ፀሐይ በጀርባሽ ሆና፣ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቀጭን ነገር ምረጪ፤ የአንቴና ጫፍ ወይም የመብራት ምሰሶ አናት ይበቃል። ቅርብ ነገር አይሆንም፤ ፎከሱ (ምስሉን የማጥራቱ ማስተካከያ) ላይደርስለት ይችላል፤ በዚያ ላይ ማነጣጠሪያው ከቱቦው ጎን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ስለተቀመጠ በቅርቡ የተስተካከለው በሩቁ ይስታል። 25ቱን አድርገሽ የምሰሶውን አናት መሐል አምጪው፤ ከዚያ 10ሩን ቀይሪና እንደገና መሐል አድርጊው። ቱቦውን ሳታንቀሳቅሺ የማነጣጠሪያውን ሁለት ብሎኖች እያዞርሽ ቀይዋን ነጥብ እዚያው አናት ላይ አሳርፊያት። ነጥቧ ካልበራች ባትሪው ሥር የተሰካች ስስ ፕላስቲክ መኖሯን እዪ፤ እሷ ካልወጣች መብራቱ አይሠራም። ተጠቅመሽ ስትጨርሺም አጥፊው፤ የሚቀጥለውን ሌሊት የሚያበላሸው ሳይጠፋ አድሮ ያለቀ ባትሪ ነው።

ምስሉ ተገልብጦ ብታዪው አትደንግጪ። በእንዲህ ያለ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ይገላበጣሉ፤ ለሰማይ ምንም አይደለም።

ማቆሚያውን የምትተክይበትን ቦታም አስቢበት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ሲሚንቶና ጣሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ይተፋል፤ ሣር ወይም አፈር ይሻላል። በጎረቤት ጣሪያ አናት ላይ የሚታይ ፕላኔት ሲንቀጠቀጥ ያመሻል። በመስኮት መስታወት በኩል ማየት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። የማቆሚያውን እግሮች እስከ መጨረሻው አትዘርጊያቸው፤ በረዘሙ ቁጥር ይወዛወዛሉ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የምታዪበት ከፍታ በቂ ነው። መቀመጥ በራሱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የተመቸው ሰው ቆሞ ከሚንጠራራው የበለጠ ያያል።

ቴሌስኮፑን ለማየት ካሰብሽበት ሰዓት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀድመሽ አውጪው። ከቤት ሞቆ የወጣ መስታወት እስኪበርድ ድረስ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ከእሳት በላይ እንዳለ አየር ይርገበገባል፤ በዚያ ጊዜ ምንም ያህል ፎከስ ብታደርጊ ምስሉ አይጠራም። ብዙዎች «ቴሌስኮፑ ደካማ ነው» ብለው የሚፈርዱት በዚህ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

ክዳኑ ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን ታገኛለሽ። ትንሿን ብቻ ከፍቶ ትልቁን መርሳት የተለመደ ነው፤ ያኔ የሚገባው ብርሃን ጥቂት ስለሚሆን ሁሉ ነገር ጨለማ ይሆናል። ትንሿ ቀዳዳ ግን ያለ ሥራ አልተቀመጠችም፤ ጨረቃ ስታበራ ዓይንሽን ከወጋችሽ ትልቁን ክዳን መልሰሽ በእሷ ብቻ ማየት ትችያለሽ።

ለመጀመሪያ ሌሊትሽ ጨረቃን እመክርሻለሁ፤ ሙሉዋን ግን አይደለም። ሙሉ ጨረቃ ላይ ፀሐይ ከፊት ለፊት ስለምታበራ ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ተራራና ጉድጓድ አይለይም። ከተወለደች ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ቀን ያለችው ጨረቃ ምርጥ ናት፤ በዚያ ላይ ገና ሲመሽ ከፍ ብላ ትገኛለች። ዓይንሽን ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበት መስመር ላይ አሳርፊ። በዚያ መስመር ላይ ፀሐይ ገና እየወጣች ስለሆነ ዝቅተኛ ኮረብታ እንኳ ረጅም ጥላ ይጥላል። በስምንተኛው ቀን ገደማ መሐል አካባቢ ቶሎሚየስ፣ አልፎንሰስና አርዛኬል የሚባሉት ሦስት ጉድጓዶች ተደርድረው ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ስፋቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመስመሩ አልፎ ጨለማው ውስጥ ብቻዋን የምታበራ ነጥብ ካየሽ እሷ ፀሐይ ቀድማ የነካቻት የተራራ ጫፍ ናት። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሺባት፤ ሰፍታ ታገኛታለሽ። በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ዓለም ላይ ንጋት ሲገፋ ማየት ነው ይሄ፤ ለዚህ ስል ጨረቃን አልፈሽ ወደ ሌላ እንዳትቸኩዪ እለምንሻለሁ።

ፎከስ ስታደርጊ መዘውሩን በዝግታ አዙሪ። ኮከብ በትክክል ፎከስ ሲሆን እጅግ ትንሽ ነጥብ ነው፤ ምንም ብታጎዪው ክብ ሰሌዳ አይሆንም። መሐሉ ጥቁር የሆነ ትልቅ ቀለበት ካየሽ አዲስ ፕላኔት አላገኘሽም፤ ፎከሱ ገና ነው፤ ጥቁሩም በቱቦው አፍ አጠገብ ያለው የትንሹ መስታወት ጥላ ነው። ቀለበቱ እየጠበበ እስኪሄድ አዙሪ። አይፒስ በቀየርሽ ቁጥር ፎከሱን እንደገና ማስተካከል አለብሽ። መዘውሩን ከነካሽ በኋላ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቂ፤ ንዝረቱ ይረጋል።

ሌላው ጀማሪን ግራ የሚያጋባው ያገኘው ነገር ራሱ እየተንሸራተተ መጥፋቱ ነው። መሣሪያሽ አልተበላሸም። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር በ10ሩ አይፒስ ፕላኔት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሻገር ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይፈጅበታል። ወደሚገባበት ጠርዝ አድርጊውና እጅሽን አንስተሽ መሐል ሲያልፍ ተመልከቺ።

ጁፒተር በሰማይ ካለ በ26 እጥፍ እንኳ አጠገቡ በአንድ መስመር የተሰለፉ እስከ አራት የሚደርሱ ነጥቦች ታያለሽ፤ የጁፒተር ጨረቃዎች ናቸው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በጥር 7 ቀን 1610 መጀመሪያ ያያቸው ሦስት ነበሩ፤ አራተኛዋን የለየው በቀጣዮቹ ቀናት ነው። አንቺም ሦስት ብቻ ካየሽ አንዷ ከፕላኔቱ ፊት ወይም ኋላ ሆና ይሆናል። አዮ የምትባለው በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዙር ስለምትጨርስ በአንድ ምሽት ውስጥ ቦታዋን ስትለውጥ ትያዝልሻለች። በ65 እጥፍ ደግሞ በፕላኔቱ ወገብ ሁለት ጠቆር ያሉ መቀነቶች ይታያሉ፤ መጀመሪያ ላይ ካልታዩሽ ዓይንሽን ሳታነሺ ጥቂት ደቂቃ ቆዪ፤ አየሩ ለአፍታ ሲረጋ ብቅ ይላሉ። ሳተርን ትንሽ ነው፤ በ26 እጥፍ ሞላላ፣ በ65 እጥፍ ቀለበቱ ይለያል። ቀለበቱ ወደ እኛ የሚያጋድለው በዓመታት ውስጥ ይለዋወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በጠርዙ ዞሮ እንደ ቀጭን መርፌ ነበር።

የጨረቃ ሌሊትና የጨለማ ሌሊት የተለያዩ ናቸው። ደብዛዛ ነገሮችን ለማየት ጨረቃ የሌለችበትን ቀን ጠብቂ። ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ስልክሽን አንድ ጊዜ ብታበሪው ሁሉም ከእንደገና ይጀመራል። ቀይና ደካማ መብራት ብቻ ተጠቀሚ። ሰባቱን ከዋክብት በ25ቱ ብቻ እያቸው፤ በ10ሩ ተበታትነው ውበታቸው ይጠፋል። ከዚያ ኦሪዮን ከሚባለው የከዋክብት ስብስብ ቀበቶ (በአንድ መስመር ከተደረደሩት ሦስት ከዋክብት) ወረድ ብሎ ሰይፉ ላይ ያለውን ኔቡላ፣ ማለትም የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ፈልጊ፤ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ግራጫ ጭጋግ ሆኖ መሐሉ ላይ አራት ተጠጋግተው የቆሙ ከዋክብት ታያለሽ። እንደ ካርቶኑ ፎቶ ቀይና ሐምራዊ አይሆንም፤ ያ ፎቶ ካሜራው ብርሃንን ለረጅም ጊዜ አጠራቅሞ ያነሳው ነው፤ የሰው ዓይን ግን በደብዛዛ ብርሃን ቀለም አይለይም። በቀጥታ ከማፍጠጥ ይልቅ እይታሽን ትንሽ ወደ ጎን ስታደርጊ ጭጋጉ ይሰፋል፤ የዓይን ዳር ከመሐሉ ይበልጥ ለጨለማ ስለሚነቃ ነው።

ከዋክብት በጣም ሲርገበገቡ ካየሽ ከላይ ያለው አየር ታውኳል። ያን ሌሊት በ26 እጥፍ ተወሰኚ፤ ማጉላቱን መጨመር የሚጨምርልሽ ድንብዝብዝ ብቻ ነው።

የመስታወቶቹን አቀማመጥ የሚያስተካክሉትን ከኋላ ያሉ ብሎኖች በመጀመሪያው ሌሊት አትንኪያቸው። መስታወት ላይ አቧራ ብታዪም አትጥረጊ፤ ጥቂት አቧራ በምስሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ ጨርቅ ግን ሽፋኑን ይጭራል። ስትጨርሺ እዚያው ውጭ ሳለሽ ክዳኑን ግጠሚና አስገቢው፤ ቀዝቃዛ መስታወት ሞቃት ቤት ሲገባ የአየሩን እርጥበት ይስባል። ጤዛ አስቀድሞ ከያዘው ግን ቤት ውስጥ ክዳኑን ከፍተሽ ቱቦውን አግድም አስተኝተሽ ራሱ እስኪደርቅ ተዪው፤ ታፍኖ ካደረ ሽፋኑ ይጎዳል።

አንድ ደብተርም ይዘሽ ውጪ። ክብ ሥሪና ጁፒተርንና ነጥቦቹን እንዳየሻቸው አስፍሪ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሁለቱን ገጾች ላኪልኝ፤ ከሥራቸው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የትኛው አይፒስ እንደነበረ መጻፍ አትርሺ።

የሚወድሽ አባትሽ