ስለ ቀኝ እግርሽ

ነሐሴ 4 ቀን
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም ልጆቹም ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሚጡ የፊት ሁለት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች። ወንዱ በቁመት በልጦኛል። ትምህርት ሊከፈት ነው። ይኸው፣ የልጆቹን ወሬ ጨረስኩ።

ማሙሽ የነገረኝ ትናንት ማታ ነው። ኦፕራሲዮን የሆንሽው ሐምሌ 25፣ ዛሬ ነሐሴ 4፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማለት ነው። «ብርድ መቶኝ ተኝቼ ነው» ስትይኝ እግርሽ ትራስ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ልጅሽ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው እግር ስታገላብጥ የምትውል መሆኗን ረስተሽው አይደለም። ቁጣዬን ላቆየውና ከእግሩ ልጀምር።

የሐኪሙን ወረቀት ማሙሽ ፎቶ አንስቶ ልኮልኝ ጽሕፈቱን እንደምንም ለቅሜ አነበብኩት። ስሙ የሞርተን ኒውሮማ ነው። አስተማሪ ነሽና ይህችን ትወጃታለሽ፦ ሞርተን የፊላደልፊያ ሐኪም ነበር፣ ስለዚህ ሕመም የጻፈው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ካንሰር አይደለም። ዝም ያልሽው ያንን ፈርተሽ ከሆነ፣ አይደለም። ወደ ጣቶችሽ የሚሄደው ነርቭ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት ሥር ባሉት አጥንቶች መሐል ሲያልፍ ከላዩ ጅማት ተጋድሞበታል። ጫማ ፊቱ ሲጠብ አጥንቶቹ ይጠጋጋሉ፤ ታኮ ሲጨመርበት ክብደትሽ ሁሉ ወደ ፊት ይወርዳል፤ ነርቩ በየእርምጃው እየታሸ ዙሪያው ይወፍራል። «ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ» ብለሽ አውልቀሽ ስታራግፊ፣ ጠጠሩ ሲጠፋ ስትናደጂ የነበረው ይኸው ነው። 31 ዓመት በዚያ ሹል ጫማ ሰሌዳ ፊት ቆመሻል። አልወቅስሽም፤ ተማሪዎችሽ መምጣትሽን የሚያውቁት በኮቴሽ ነበር።

የተከፈተው ከላይ፣ በእግርሽ ጀርባ በኩል ነው። ይህ መልካም ነው፤ በውስጥ እግር በኩል ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንት ያህል መርገጥ አይፈቀድልሽም ነበር። ጅማቱን ከፍቶ የወፈረውን ነርቭ ወደ ኋላ ራቅ አድርጎ ቆርጦታል። ራቅ ማድረጉ የነርቩ ጉቶ የምትረግጪበት ቦታ ላይ እንዳይቀር ነው። እናም የሁለቱ ጣቶች ፊት ለፊት የሚተያዩት ጎኖቻቸው ደንዝዘዋል፤ እንደደነዘዙም ይቀራሉ። «እግሬን በድን አደረጉት» ብለሻል አሉ። ይህን ቀድሞ ሊያስረዳሽ የሚገባ ሰው ነበር፣ አላስረዳሽም። ነርቩ ወጥቶ የእሱ ስሜት አይኖርም፤ ጣቶችሽ ግን ይንቀሳቀሳሉ። አልፎ አልፎ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝርሽ፣ ጉንዳን የወረረሽ የሚመስልሽ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። እየተራራቀ ከሄደ አትስጊ። ከጠፋ ከወራት በኋላ እንደ አዲስ ከተነሳ ግን ጉቶው ጠባሳው ውስጥ ተተብትቦ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

የደነዘዘ ቦታ ሲቃጠል አይናገርም። ቡና ስታፈዪ እግርሽን ከከሰሉ ምድጃ አርቂ። በሙቅ ውሃና በጨው የመዘፍዘፍ ነገር ደግሞ እንዳይታሰብ፤ ጎረቤት ሁሉ እንደሚመክርሽ አውቃለሁ። ቁስሉ ይከፈታል፣ የውሃውን ሙቀትም ጣቶችሽ አይነግሩሽም።

ክሩ የሚወጣው ነሐሴ 9 ነው ተብሏል፤ 14 ቀን ይሞላዋል፣ ትክክል ነው። እስከዚያ ፋሻው ጠብታ ውሃ አይንካው። የደሴ ነሐሴ ምን እንደሆነ አልረሳሁም፦ ዝናብ፣ ጭቃ፣ የማይደርቅ ልብስ። ስትታጠቢ ተቀምጠሽ፣ እግርሽ በፌስታል ተጠቅልሎ አፉ በፕላስተር ታሽጎ፣ ከውሃው ውጭ ተዘርግቶ ይሁን። ፋሻው ከረጠበ «ይደርቃል» አይባልም፤ የዚያኑ ቀን ይቀየር። ክሩ ከወጣ በኋላም ሁለት ቀን ጠብቂ። ጠበሉን ጠጪው፣ ፊትሽን ተቀቢው፤ እግርሽ ላይ ግን አይፍሰስ። ቅቤም ፌጦም እንደዚሁ። እመቤታችን በዚህ አትቀየምሽም።

እብጠቱ ዋናው ጠላትሽ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን በርጩማ ላይ መዘርጋት አይበቃም፤ እግርሽ ከልብሽ በላይ መሆን አለበት። ጋደም ብለሽ ትራሱን ከባትሽ ጀምሮ አስገቢ፤ ተረከዝሽ ብቻውን ክብደቱን ከተሸከመ እሱም ይቆስላል። እግርሽን ስታወርጂው የሚወጥርሽ፣ ጠቆር የሚለው ከልብሽ በታች ስለሚሆን ነው። ቁርጭምጭሚትሽን በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሺው፤ ደም ባትሽ ውስጥ እንዳይረጋ። በረዶ ከተገኘ በፎጣ ተጠቅልሎ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ አይለፍ።

የሰጡሽን ጠፍጣፋና ደረቅ ሶል ያለው ጫማ አልጋ ሥር ከተሽው በነጠላ ጫማ ትሄጃለሽ አሉ። አስቀያሚ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሁሉም ያስቀይማል። ሶሉ የደረቀው ግን በሥራ ነው፦ እግርሽ ከጣቶቹ ሥር እንዳይታጠፍ። በታጠፈ ቁጥር ከላይ ያለው ስፌት ይሳባል፣ ጉቶውም ይጎተታል። ነጠላ ጫማው ልስልስ ስለሆነ ያጥፍሻል፤ በዚያ ላይ ማሰሪያው ልክ ቁስሉ ላይ ነው የሚያርፈው። ያንን ጫማ አድርገሽ፣ በተረከዝሽ አስቀድመሽ፣ እርምጃሽን አሳጥረሽ ሂጂ። በእግርሽ ዳር ብቻ እያነከሱ መሄድም አይበጅም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉልበትና ዳሌ ያስከፍላል። ከቤት እስከ በሩ ያለው ቁልቁለት ጣቶችን ወደ ፊት ስለሚገፋ ክሩ እስኪወጣ ሰው ይደግፍሽ።

የአባባን መቋሚያ ይዘሽ እንደምትሄጂ ማሙሽ ነገረኝ።

መቋሚያ ለመቆም ነው እማዬ፣ ለመሄድ አይሆንም። ይረዝምሻል። ብብትሽ ሥር አስገብተሽ ከተደገፍሽው እዚያ ያለውን ነርቭ ይጫነዋል፣ እጅሽ ይደነዝዛል፤ አንዱን ነርቭ አስወጥተሽ ሌላውን አታስጨፍልቂ። የብረት ጫፉም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል። የእጅ ዱላ ይገዛልሽ፦ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ክንድሽን ስትለቂው የዱላው ራስ የእጅ አንጓሽ ላይ ይድረስ፤ ጫፉ ጎማ ይኑረው። የምትይዢው በግራ እጅሽ ነው፣ ከታመመው እግር በተቃራኒ። ደረጃ ስትወጪ ደህናው እግር ይቅደም፤ ስትወርጂ ዱላውና የታመመው ይቅደሙ። መቋሚያውን ግን ከነበረበት ከበሩ ጀርባ መልሽው።

ቁጢጥ ማለት ቢያንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ክልክል ነው። ቁጢጥ ስትዪ ሙሉ ክብደትሽ በጣቶችሽ ሥር ያርፋል፣ እነሱም ወደ ላይ ይታጠፋሉ፤ ከዚህ የከፋ አቀማመጥ የለም። ማሙሽ ከድሮዎቹ የእንጨት ወንበሮች አንዱን መቀመጫውን ቆርጦ ሽንት ቤቱ ላይ ያስቁምልሽ፤ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ጎማ ያስርባቸው። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ስግደትም ያው ነው፤ ጉልበትሽን አጥፈሽ ስትነሺ የምትገፊው በእነዚያው ጣቶች ነው። አንገትሽን ዝቅ አድርገሽ ስገጂ። ፍልሰታ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቅዳሴ ቆመሽ ካላስቀደስሽ ያስቀደስሽ እንደማይመስልሽም አውቃለሁ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ለታመመ ሰው ምን እንደሚሉ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለ ጾሙ ከመድኃኒቱ ጋር ላንሳው። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙን ሁለት ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ አይለፍ። ክብደትሽ ከ50 ኪሎ ወርዶ ከሆነ መጠኑ መቀነስ አለበትና ተመዝነሽ ንገሪኝ። ዳይክሎፌናኩን ግን ዛሬውኑ አቁሚ። የጻፈልሽ ሰው የግፊት መድኃኒትሽን አልጠየቀም መሰለኝ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክ ሲጨምርበት ሦስቱ ተባብረው ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጣ። ለሌሊቱ ንዝር የሰጡሽ አሚትሪፕቲሊን ያዞራል። ሌሊት ስትነሺ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ደቂቃ ተቀመጪ፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው ራስጌሽ ይሁን። በስድሳ ስምንት ዓመትሽ ዳሌሽን ከምትሰበሪ ሽንት አልጋሽ ላይ ቢያመልጥሽ ይሻላል። ቁስል የሚድነው በምግብ ነው፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ ሽሮው ወፈር ብሎ። ጎመን ብቻውን ሥጋ አያገጥምም።

አሁን ቁጣዬ።

አባባ የታመመ ጊዜም «ተሻለው»፣ «አሁን ተኝቷል» ነበር የምትሉኝ። ተኝቷል ስትሉኝ ተቀብሮ ነበር፤ የሰማሁት አርባው ወጥቶ ነው። ለእኔ አስባችሁ ነው፤ ሰው አገር ብቻዋን ምን ትሆናለች ብላችሁ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ያልነገረኝ ሰው የለም። እኔ ግን ያን አርባ ቀን ስስቅ ነበር። በስልክ ስስቅ ሰምተሽኛል። ስለ ልጁ ልደት ያወራሁሽ ቀን ስንተኛው ቀን እንደነበር ቆጥሬዋለሁ። አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም፣ አሁንም መልስ አልፈልግም። ከዚያ ወዲህ ግን «ደህና ነኝ» ስትዪኝ ምን ማለትሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ማሙሽ ጋ የምደውለው ለዚህ ነው። እሱም ያንቺ ልጅ ነው፣ ይዋሻል።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ደብቂኝ፣ እነዚህን አትደብቂ። ከፋሻው ጠርዝ የወጣ መቅላት ካየሽ ማሙሽ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስምርበት፤ በማግስቱ መስመሩን ካለፈ ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ከ38 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት፣ ቀንሶ የነበረ ሕመም መልሶ ከጨመረም እንደዚሁ። ባትሽ በአንድ ወገን አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት ከታመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ እስኪነጋ አይባልም፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ያኔ መጀመሪያ ለእኔ አትደውሉ፣ ሂዱ። መንገድ ላይ ሆናችሁ ደውሉልኝ።

ክሩ ወጥቶ ቅርፊቱ ሲረግፍ፣ ነሐሴ 16 ከፍስኩ በኋላ በይው፣ ጠባሳውን በቫዝሊን በቀን ሁለቴ አምስት አምስት ደቂቃ በአውራ ጣትሽ እያዞርሽ እሺው። መጀመሪያ ያስጠላሻል። ቆዳው ጨርቅ እንኳ ሲነካው የሚሰቀጥጥሽ ከሆነ አለማምጂው፦ ጥቂት ቀን በጥጥ፣ ቀጥሎ በነጠላ፣ ቀጥሎ በጋቢ፣ መጨረሻ በሻካራ ፎጣ። ጣቶችሽንም በእጅሽ ይዘሽ ወደ ታችና ወደ ላይ አሥር አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ካልተንቀሳቀሱ ደርቀው ይቀራሉ። እብጠቱ ማታ ማታ ለወራት ቢመለስ አትደንግጪ።

እንቁጣጣሽ ልክ ስድስተኛ ሳምንትሽ ላይ ይውላል። ለዚያ ቀን ጫማ ከሰው ጋር እልክልሻለሁ፤ ፊቱ ሰፊ፣ ተረከዙ ከሦስት ሳንቲም ያልበለጠ፣ ማሰሪያው የሚላላ። ሹል ጫማዎቹን ለማንም አትስጪ፣ የሌላ ሰው እግር አይጉዱ። ሲሆን ሲሆን ጣያቸው፤ ካልሆነልሽ ከመቋሚያው ጎን አስቀምጫቸው።

ልኩን ግን በቁጥር አትንገሪኝ፤ ያንቺ 38 የዛሬ ሃያ ዓመት ነው። ክሩ ከወጣ በኋላ፣ እግር በሚያብጥበት ሰዓት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነጭ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፈሽ ቁሚበት፣ ሁለቱንም እግር። ማሙሽ እስክሪብቶውን ቀጥ አድርጎ ዙሪያውን ይሳለውና ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልኝ። ከሥሩ ቀኑን አንቺ በእጅሽ ጻፊበት፤ እውነተኛውን ቀን።

ልጅሽ