ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? «የታሪክና የፖሊሲ ተመራማሪ ይህ ሁሉ ቋንቋ ምን ያደርግለታል?» ላሉኝ መልሱን በአንድ ውል ላሳይዎ።

የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ከፈለጉ ማለት ነው። ጣልያንኛው ግን «ኮንሴንቴ» ብሎ ተስማምተው እንደ ገቡበት ጻፈው። ሮም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። አንዱን ቅጂ ብቻ ያነበበ ሰው ጠቡ ከየት እንደ ተነሣ አያይም። ሥራው ሁለቱን ዘርግቶ ግሥን ከግሥ ማስተያየት ነው። ቋንቋን መናገርና የድሮ የእጅ ጽሕፈትን ማንበብ ደግሞ ለየቅል ናቸው፤ ሁለተኛው ለብቻው ይለመዳል።

ከቃል ቀጥሎ የሚያሳስተው ቀን ነው። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በዛሬው ማስሊያ ወደ ፈረንጅ ቀን ከቀየሩት ሜይ 3 ይወጣል፤ ትክክሉ ሜይ 2 ቀን 1889 ነው። ፈረንጆች በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ቀን ስላላደረጉ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት ያለ ቀን በዛሬው ስሌት አንድ ቀን ይገፋል። ዓድዋም የተዋጉት ማርች 1 ሆኖ ዛሬ ማርች 2 የሚውለው በዚሁ ነው። አንድ ቀን ምን ታመጣለች አይበሉ፤ አንድ ቴሌግራም ከውጊያው በፊት ይላክ በኋላ የምትለየው እሷ ናት። ስለዚህ ማስታወሻ ላይ መጀመሪያ የሰነዱ ቀንና ቃል እንዳለ ይገለበጣል፣ የመዝገቡና የገጹ ቁጥር ይከተላል፣ ትርጉሙ ከሥር ይገባል። ትርጉሙን ብቻ የያዘ ሰው ስሕተቱን የሚያርምበት የለውም።

ስምም እንዲሁ ነው፤ በጣልያን መዝገብ «ምጽዋ» ብሎ የሚፈልግ «ማሳዋ» ተብላ የተጻፈችውን ያልፋታል።

ፖሊሲውም ከዚህ አይርቅም። በፈረንጆች 1969 በተደረገው የቪየና የውሎች ሕግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 33 መሠረት፣ በብዙ ቋንቋ የጸደቀ ውል አንዱ ይበልጣል ካልተባለ ቅጂዎቹ እኩል ናቸው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 106 ግን የመጨረሻው የአማርኛው ነው። ለባለሥልጣን ምክር የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የትኛው ቅጂ እንደሚጸና ካላወቀ ምክሩ ይፈርሳል።

አደራ፣ የአያቴን ወረቀቶች ሲያገላብጡ ቀናቸውን በላያቸው ላይ አይቀይሩ። መጻፍ ካስፈለገ በሌላ ወረቀት፣ በእርሳስ ይሁን።

አክባሪ ልጅዎ